ቦና ያቃጠለው ዳገት

ጥር 5፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ዛሬ ሰጡኝ፤ እስክሪብቶም ከነክዳኑ። ከላዩ ላይ "የደን ቃጠሎ ምርመራ ስልጠና" የሚል ታትሞበታል። ሰልጣኞቹ አሰልጣኙ የሚለውን ሁሉ ይገለብጡበታል። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሚለውን በአፌ አሳልፌዋለሁና ደግሞ በእጄ የምለፋበት ምክንያት የለም። የራሴን እጽፍበታለሁ። እጄ ይዘገያል እንጂ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አለኝ፤ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ የተጠራጠረ መጥቶ ይይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ደንገጎ ከሚወጣው መንገድ በላይ ያለው የተከለለው ዳገት ከኅዳር ወዲህ ይነዳል። በአንድ በኩል ሲያጠፉት በሌላ በኩል ይነሳል። መብረቅ የለ፣ ከሰል አክሳይ የለ። አንድ ሰው ነው እያወቀ የሚለኩሰው ተባለ። እና አንድ መርማሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ ፖሊሶቻችንንና የደን ጠባቂዎቹን ያሰለጥናል። ጠባቂዎቹ ከገጠር ናቸው፤ ግማሾቹ ከኦሮምኛ በቀር፣ ግማሾቹ ከሶማሊኛ በቀር አይሰሙም። ድሬዳዋ ውስጥ ሦስቱንም የሚናገር ሰው መንገድ ላይ ይታፈሳል። ዳገቱን በእግሩ የሚያውቅ ግን እኔ ነኝ። ምድር ባቡር ሐዲድ ስጠግን ነው ያረጀሁት።

አሰልጣኙ አለምብርሃን ይባላል። ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ቪላ አዳራሽ ነው የሚያስተምረው። ስገባ "አባባ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ" አለኝ። ዘወር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ሰው የለም። እኛ አገር ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው። እኔ "ሸፍ" እለዋለሁ፣ ባቡር ላይ አለቃችንን እንደምንለው። አልጠላውም።

ማታ ቦና ወደ ክፍሌ መጣ። ልጄ ነው፣ አንድ ነው ያለኝ። ከሚስቱ ከትርንጎ ጋር እዚሁ ግቢ ውስጥ ይኖራል። የክር ፋብሪካው ከዘጋ ወዲህ እሳት አጥፊ ቡድን ውስጥ ለበጋው ብቻ ቀጥረውታል። እናቱ ፊርዶስ ካረፈች በኋላ ሰላም ብሎኝ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም ነበር። ዛሬ ሽርጡን ሰብስቦ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና "አባ፣ ምን አስተማሯችሁ?" አለኝ። ነገርኩት። ትርንጎ ራት ቀርቧል እያለች ስትጠራው እንኳ አልተነሳም።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ስልጠናው እሳት የሄደበትን መንገድ መልሶ መሄድ ነው። ድንጋይ የጠቆረበት ጎኑ እሳቱ የመጣበት ነው ይላል ሸፍ። የሣር አገዳ ሲነድ ወዴት እንደሚወድቅ ያሳያል። ቀይ ባንዲራ፣ ሰማያዊ ባንዲራ እየተከሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ እሳቱ እስከተነሳባት ቦታ። ቦታዋ ከሰፌድ አትሰፋም። የለኮሰበት ነገር እዚያ ይገኛል።

እሳት ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ከታች ፈልጉ አልኩ። ሸፍ "አባባ፣ ሌሊት ነፋሱ ወደ ታች ይወርዳል እኮ" አለ። እኔ የሐዲድ ዳር ሣር ሳቃጥል የኖርኩ ሰው ነኝ አልኩት። ወጣን። ባንዲራ ተተከለ። የተነሳው ከላይ ሆነ።

ሐናን "አደር፣ ባቡሩ ሳተ?" አለችኝ። ሐናን ፖሊስ ናት፤ የጎረቤቴ የባለሱቁ የባርኸድ ልጅ። ጭኔ ላይ ተቀምጣ ያደገች ናት፣ በሶማሊኛ አደር፣ አጎቴ ነው የምትለኝ፣ ስለዚህ አፏ አይታሰርም።

የዚያን ዕለት ነፋሱ ልክ አልነበረም። ሌላ ጊዜ ከታች ነው።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ነደደ። በምሥራቅ በኩል። ከቤታችን ደጃፍ ጭሱ ይታያል። ቦና ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። የሰፈሩ ልጆች "አምቡላንስ" ብለው ስም አውጥተውለታል።

ባርኸድ ሱቁ በር ላይ ቆሞ "ወርያ ወልዴ፣ ያ ልጅህ ከጭሱ በፊት ነው እኮ የሚደርሰው" አለኝ።

"የአባቱ እግር ነው" አልኩት።

ጥር 14፣ ረቡዕ

አዮ ሙሚና፣ እናታችን እንደማለት ነው፣ የምትባል ሴት ከዳገቱ ሥር ፍየል እያረባች ብቻዋን ትኖራለች። ዛሬ ሰልጣኞቹ ምስክር መጠየቅ እንዲለማመዱ ወደ እሷ ወሰዱን። እኔ በመሃል ሆኜ አስተረጉማለሁ። እሳቱን ማን አስነሳው አሏት። ፍየል እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ "ቦናቱ ጉቤ" አለች።

"በጋው ነው ያቃጠለው ትላለች" አልኩ። ጻፉት።

ቦና በኦሮምኛ በጋ ነው፣ ዝናብ የሌለበት ወራት። ልጄም በዚያ ወራት ስለተወለደ ነው የእናቱ አባት ቦና ያለው። ድሬዳዋ ላይ ቦና የሚባል ስንት አለ።

ቁልቁል ስንወርድ ሐናን ከጎኔ ሆነች። ኦሮምኛ ከእኔ እኩል ትሰማለች። "አደር፣ ‘ቱ’ አለች እኮ" አለችኝ።

"ብትልስ?"

"እሱ ነው ማለት ነዋ። ከሌላው ለይታ ስትጠቁም።"

"በጋውን ጠቆመች።"

"በጋ ይጠቆማል እንዴ?"

"አንቺ የቀን ሦስት ጊዜ ሙቀቱን ትራገሚ የለም?" አልኳት። ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን እስከ መኪናው ድረስ ቀድማኝ ሄደች።

ማታ ቦና ምን አስተማሯችሁ ሲለኝ ስለ ባንዲራ ነገርኩት። የሙሚናን ነገር ረሳሁት።

ጥር 15

በጋ ነው ያለችው። ሌላ ምን ትላለች።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ዛሬ ብዙ ተማርን። ለኳሹ ሲጋራ ለኩሶ ክብሪቶች በክር ያስርበታል፤ ሲጋራው እስኪያልቅ እሱ ሩቅ ይደርሳል። ክሩ ቢነድም የክብሪቱ ራስ አመድ ውስጥ ይቀራል። የጫማ ዱካ ደግሞ በጄሶ ይቀዳል። ሐናን የራሷን ዱካ ቀድታ "እግሬ እንደዚህ ትልቅ ነው?" ብላ ደነገጠች፣ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ሸፍ ወሬ ስለ መልቀቅ አስተማረ። ከመርማሪዎቹ መሃል ወሬ የሚያወጣ ሲኖር ለአንዱ አንድ ቦታ ጠባቂ የለውም ትለዋለህ፣ ለሌላው ሌላ ቦታ። እሳቱ የተነሳበትን አይተህ ወሬው በማን በኩል እንደወጣ ታውቃለህ። ይህን ወደ ሶማሊኛ ስመልሰው ጠባቂዎቹ አጨበጨቡ። ለእኔ ይሁን ለሸፍ አላውቅም። ለእኔ መሰለኝ።

ማታ ቦና ሁሉንም ከእኔ ሰማ። እንዴት እንደሚያዳምጥ። ልጅ ሆኖ ሐዲድ ላይ ስወስደው እንዲህ ነበር የሚያየኝ። የወሬው ነገር አሳቀው። "ጅል ካልሆነ ማን ይያዝበታል" አለ። "ለሁሉም ነው የተነገረው ወይስ ለአንድ ሰው ብሎ መጠየቅ ነው።"

ጎበዝ ነው። ፖሊስ ቤት ቢቀጥሩት ከእነዚህ ሁሉ ይሻል ነበር።

ጥር 26፣ ሰኞ

እንደገና። ጥዱ ድረስ ወጣ። ስንፈልግ ዋልን። ዱካው በቅጠል ተጠርጓል። ክብሪትም የለም፣ አመዱን ሰው በእጁ ለቅሞታል። ሸፍ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

ደክሞኛል። ጉልበቴ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሸፍ ዛሬ እንዲህ አለ። አንዳንዱ ለኳሽ ደኑን አይጠላም፣ ሰውም አይጠላም። እሳቱ ሲነሳ መፈለግ ነው የሚወደው። ስለዚህ ቀድሞ የሚደርሰውን እዩ፤ ከሁሉ በላይ የሚለፋውን እዩ።

ይህን በኦሮምኛ አልኩት። ቀጥዬ በሶማሊኛ አልኩት። ሁለት ጊዜ ከአፌ ወጣ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ትንሽ ቆይቶ "ድገመው" አለኝ፣ ደገምኩት።

ራት ላይ ለቦና "በዚህ ዓይነትማ አንተም ተጠርጣሪ ነህ" ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ትርንጎ ተነስታ ያልቆሸሸ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። ያቺ ሳህን ናት ያስጻፈችኝ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ነደደ። ዛሬ ቦና ከሁሉ ኋላ ነው የደረሰው። ጓደኞቹ "አምቡላንሱ ጎማው ፈንድቶበት ነው" እያሉ ቀለዱበት። ሆዱን አሞት ነበር አለኝ። ያማል፣ ሰው ነው። ጠዋት ፉል በልቶ ነበር፤ ዘይቱ ከባድ ነው።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ሸፍ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፍ ቆመ። "ይህ ሰው እኛ ያስተማርነውን በሳምንቱ ያርማል" አለ። "ዱካ ስንል ዱካ ያጠፋል። ክብሪት ስንል ክብሪት ይለቅማል። ወይ እዚህ ተቀምጧል፣ ወይ እዚህ የተቀመጠ ሰው ይነግረዋል።"

አስተርጉም አለኝ። አስተረጎምኩ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔን ማንም አላየኝም፤ ሽማግሌ የቤት ዕቃ ነው።

ከዚያ በየተራ ጠየቀን። እኔን "አባባ፣ ቤት ሲገቡ ከማን ጋር ይጫወታሉ?" አለኝ።

"ሚስቴ ሞታለች" አልኩት።

"ይቅርታ" አለኝ።

አልዋሸሁም። ሞታለች። ከማን ጋር ትጫወታለህ አለኝ፣ ያለውን ነገርኩት። ልጅ ከአባቱ ጋር ቢቀመጥ ጨዋታ አይባልም። ደግሞ ሰልጣኞቹስ ለሚስቶቻቸው አያወሩም? ባርኸድ እንኳ ከሐናን የሰማውን ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ ነው የሚውለው።

ማታ ቦና ሲመጣ አንቀላፍቻለሁ አልኩ። በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ሄደ። ሲሄድ ቅር አለኝ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ትርንጎና ቦና በግድግዳው ማዶ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ልሰማ ብዬ አይደለም። ግድግዳው ቀጭን ነው።

"ዝናብ ሲመጣ ያሰናብቱሃል፣ ሌላ ሥራ ከአሁኑ ፈልግ" አለችው።

"ሌላ ሥራ ምን አለ?"

"ቀፊራ ገበያ ሄደህ እህል ተሸከም። ምን ይመስልሃል።"

"ቀፊራ ስሸከም ማን ስሜን ያውቃል?" አላት።

ከዚያ ሬዲዮ ከፈቱ።

ነገ "ተው" ልለው ነው። ምኑን ተው እንደምለው ግን... ሥራ ፈልግ እለዋለሁ። እሱን ነው።

የካቲት 13

አላልኩትም። ፊቱ ደስ ብሎት ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ የእናቱን ቀልድ አወራ፤ ፊርዶስ "ባልሽ ምን ይሠራል" ሲሏት "ባቡር ይጠብቃል፣ ባቡሩ ግን አይጠብቀውም" የምትለውን። ሁለታችንም ሳቅን።

የካቲት 16፣ እሑድ

ከዳገቱ ሥር ነው የተነሳው ዛሬ። ነፋስ። የአዮ ሙሚና ቤት ነደደ። ፍየሎቿም። እሷ ውስጥ ነበረች።

ቦና ገብቶ አወጣት። በጀርባው ተሸክሞ እስከ አስፋልት ድረስ ሮጠ። እጆቹ ተቃጥለዋል። ሰው ሁሉ ስሙን ይጠራል። ባርኸድ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አቀፈኝ።

እኔም አቀፍኩት።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። ሙዝ ይዤ። ክንዷና አንገቷ በፋሻ ታስሯል። ፊቷ ደህና ነው። የወንድሟ ልጅ ከሐረር እየመጣ ነው አለችኝ። በኦሮምኛ ነው ያወራነው።

"ልጅህ ነው ያወጣኝ።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

"ሲሸከመኝ ያለቅስ ነበር። ‘አዮ፣ ዛሬ ገበያ ወርደሻል ብዬ ነበር፣ የለሽም ብዬ ነበር’ እያለ።"

ነርሷ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ፍየሎቿ ነው አልኳት።

ነርሷ ስትወጣ ሙሚና ዓይኗን ጣሪያው ላይ አድርጋ "ያን ቀን ምን አለች ብለህ ነው ያስተረጎምክልኝ?" አለች።

"በጋ ነው ብለሻል አልኳቸው።"

ልትስቅ ስትል ቁስሏ ያዛትና ተወችው። "በጋ ጫማ ያደርጋል እንዴ?" አለችኝ። "ያየሁት ጫማ አድርጎ ነበር።"

ሙዙን ወደ እሷ ገፋሁት።

"እኔ አልናገርም። ነፍሴን አትርፏል" አለች። "አንተ ግን አባቱ ነህ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሙዙን አልነካችውም።

ጭስ የዋጠ ሰው ብዙ ነገር ይናገራል። ሐኪሙም እንዲህ ይላል። አልጠየቅሁትም እንጂ ይላል።

በእግሬ ነው የተመለስኩት። ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሜ ደረቁን አሸዋ ሳይ አንድ ባጃጅ "ሽማግሌ፣ ልትገባ ነው ልትወጣ?" ብሎ ጮኸብኝ። መንገዱ መሃል ላይ ቆሜ ኖሯል።

ብነግራቸው አንድ ልጄን ይወስዱታል። ባልነግራቸው የሚቀጥለው ቤት የማን ነው? ትናንት ደግሞ ሰማሁ፤ ከዳገቱ ሥር በሰሜን በኩል አራስ ሴት አለች።

ይኸው ጻፍኩት። ቦና ነው። በጋው አይደለም፣ ልጄ ነው። ጽፌ ሳየው ፊደሉ ያው ነው።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እኛም ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ክፍሉ ሁሉ አፉ ደርቋል፣ ትምህርቱም።

ሸፍ ዛሬ አንድ በአንድ ወደ ጓሮ እየጠራ አነጋገረን። እኔን የግንቡ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። "አባባ፣ ከነገ ወዲያ የገደሉ በኩል ጥበቃ አይኖርም። ሰዎቹን ወደ ጥዱ እናዛውራቸዋለን። ለጠባቂዎቹ ሲነገር እርስዎ ያስተረጉሙልናል" አለኝ። በደንብ ነው ያየኝ። እርስዎ ሲለኝ ከሌላው ቀን ይልቅ ለስለስ አለ።

ስወጣ ሐናን በሩ ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። ጨርሳም ስትወጣ ጠበቅኋት።

"ለአንቺስ የትኛው በኩል ጠባቂ የለውም አለሽ?"

"አደር፣ ጾም ነኝ፣ አታናግረኝ" አለች። ዓይኗን አላነሳችም።

ወሬ የመልቀቁን ትምህርት በሁለት ቋንቋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ገደሉን ለእኔ ብቻ ነው የሰጡኝ።

ማታ። አዛን ከተባለ በኋላ ነው። ቦና እንደ እናቱ ነው የሚጾመው። በፋሻ በታሰረ እጁ ቴምር ለማንሳት ሲቸገር ትርንጎ አጎረሰችው። በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ወደ እኔ ዞረ።

"አባ፣ ዛሬስ ምን አሉ?"

የቴምሩን ሳህን ወደ እሱ አስጠጋሁለት። ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ።

"የገደሉ በኩል ከነገ ወዲያ ጠባቂ የለም አሉ።"

ትርንጎ ያጎረሰችውን ሌላ ቴምር አኝኮ ጨረሰ። ፍሬውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

"ይህን ለአንተ ብቻ ነው የነገሩህ ወይስ ለሁሉም?"

"ለሁሉም" አልኩት።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ጠዋት "ተው" ልለው ደጁ ድረስ ሄድኩ። አንኳኳሁ። በሩን ሲከፍት "ቁስልህ እንዴት አደረ?" አልኩት። "ደህና ነው አባ" አለኝ። ተመለስኩ።

ከሰዓት ደግሞ ሄድኩ። ሚስማር አለህ ወይ አልኩት። ምን እንደማደርግበት ጠየቀኝ። ምስክር ወረቀቴን ላጠብቅ ነው አልኩ። ሰጠኝ። የጠበቀ ነው፣ ምን አጠብቀዋለሁ።

ተው ማለት ሁለት ፊደል ነው።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ሐናንና ባርኸድ አብረው መጡ። ሁለቱን አብረው ሳይ ተነስቼ ቆምኩ።

"ገደሉ ጋ ያዝነው" አለች ሐናን። የፖሊስ ድምፅ ልታወጣ ሞክራ አልወጣላትም። "ሲጋራው ላይ ክር ሲጠመጥም። በዚያ በታሰረ እጁ። አልሮጠም አደር። አንተን ነው የጠየቀው።"

"ምን ብሎ?"

"‘አባቴ አብሯችሁ መጥቷል?’ ብሎ። የለም አልነው። ሸፍ ለምን አቃጠልክ ሲለው፣ ‘ስደርስ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር’ አለ። ሌላ አልተናገረም።"

ባርኸድ ትከሻዬን ያዘ። "ወርያ ወልዴ፣ ዛሬ እኔ ጋ እደር።"

"አልጋ አለኝ" አልኩት።

ሐናን ልትወጣ ስትል ዞር አለች። "አደር፣ ገደሉን ለአንተ ብቻ እንደነገርንህ ታውቅ ነበር?"

"የወሬውን ትምህርት ያስተረጎምኩት እኔ አይደለሁ?" አልኳት።

ሌላ ነገር ልትል ነበር፣ አባቷ እጇን ይዞ ወሰዳት።

የካቲት 27

ትርንጎ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ማታ ሻሂ አምጥታ አስቀመጠችና ቆመች።

"ለሁሉም አልከው" አለችኝ።

"አዎ።"

"ፊትህን እያየሁ ነበር። ውሸት እንደሆነ አውቄያለሁ።"

"ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?"

መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እዚያው በሩ ጋ። ሻሂው ቀዘቀዘ። ወደ እናትሽ ቤት ሂጂ አልኳት። "አንተ ሂድ" አለችኝ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ላርም አልኩ። ጥር 14 ቀን አዮ ሙሚና የተናገረችው በጋ ተብሎ ተጽፏል፤ በጋ አይደለም፣ የሰው ስም ነው፣ ይታረም አልኩ። ሸፍ ወንበር ሳበልኝ። "አባባ፣ አሁን አያስፈልገንም እኮ። ራሱ አምኗል።"

"ያስተረጎምኩት ቃል ነው። ይታረም።"

"ሆን ብለው እንዳጠፉት ይጻፍ? በሕግ ሊያስጠይቅዎት ይችላል።"

"እንደሆነው ይጻፍ" አልኩት። ጻፈው። አነበበልኝ። እኔም ራሴ አነበብኩት፣ ቀስ ብዬ፣ ሁሉም ቆሞ ጠበቀኝ። ፈረምኩ።

ቦናን ልይ አልኩ። ገብተው ጠየቁት። አልፈልግም ብሏል።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ለቦና ማፍጠሪያ በየማታው ሁለት ምሳ ዕቃ ወደ ጣቢያ ይሄዳል። አንዱ የትርንጎ፣ አንዱ የእኔ። አብራችሁ ስሩ፣ ምን ሁለት ያስፈልጋል ይላል ባርኸድ። የእኔን እኔ ነው የምሠራው። ሩዝ በድንች። ወንድ ልጅ ምድጃ ላይ ቆሞ አያውቅም የሚለኝ ካለ፣ ሐዲድ ላይ በረሃ ለበረሃ ስንኖር ማን ያበስልልን ነበር?

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ዐብዲገኒ ይባላል። ምግብ ያመጣ ሰው በፊቱ ሳይቀምስ አያስገባም፣ ደንብ ነው። "ቅመስ አደር" ይለኛል። "የእኔን ልጅ ልመርዝ ነው?" አልኩት መጀመሪያ ቀን። "ቅመስ ብቻ" አለኝ። እቀምሳለሁ።

በማግስቱ ምሳ ዕቃው ይመለሳል። የትርንጎ ባዶ። የእኔ እንዳለ፣ ሩዙ ደርቆ፣ ማንኪያ ሳይነካው። ትርንጎ አይታ የራሷን ታጥባለች። እኔ ለድመት እሰጠዋለሁ። ድመቷ ወፍራለች።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ስልጠናው አለቀ። ምስክር ወረቀት ለሰልጣኞቹ ተሰጠ፣ ለእኔም አንድ ተጻፈልኝ። አልወሰድኩም። ሐናን ይዛልኝ መጣች፣ በሩ ሥር ትታው ሄደች። ዳገቱ ከዚያ ወዲህ አልነደደም። ሙሚና ከሆስፒታል ወጥታለች አሉ፤ የወንድሟ ልጅ ሐረር ወስዷታል። ልጠይቃት ይገባል። እሄዳለሁ። እስካሁን አልሄድኩም።

ምሳ ዕቃዬ ዛሬም ሞልቶ ተመለሰ። ድንቹን ቀነስኩ፣ ሽንኩርት ጨመርኩ። ዐብዲገኒ "አደር፣ የሚስቱ እየበቃው ነው፣ ለምን ትለፋለህ?" አለኝ። መለሰልኝ፣ ያዝኩ፣ ሄድኩ። ነገም እመጣለሁ አላልኩትም፤ ያውቃል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ምሳ ዕቃዬ ቀለለኝ። እዚያው በሩ ላይ ከፈትኩት። ባዶ።

"አንተ በልተኸው ነው?" አልኩት ዐብዲገኒን።

ተቆጣ። "የሚስቴ ሳምቡሳ ቤት እየጠበቀኝ የአንተን ሩዝ ልበላ? ልጅህ ነው የበላው።"

"ምን አለ?"

"ምን ይላል፣ በላ።"

ቆምኩ። ሌላ ሰው ከኋላዬ ምግብ ይዞ ይጠብቃል። ዐብዲገኒ እሱን "ቅመስ" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "ጨው በዝቷል በለው ብሏል" አለኝ።

አልበዛም። ቀምሼ ነው የሰጠሁት፣ በራሱ ፊት። ቤት ስደርስም የተረፈውን ድስት ትርንጎን ቅመሽ አልኳት፤ ቀምሳ ደህና ነው አለች። እሷ ደግሞ ለወጥ ጨው የማትፈራ ሴት ናት።

ነገ ትንሽ እቀንሳለሁ።